ሰው መለየት ያቃተው አጋፋሪ

አንድ ይርዳው የሚባል የንጉሥ አጋፋሪ ነበር። በአገሩ ሰው የሚለየው በቆዳው ቀለም ነው፤ ግብር ሲበላ ቀላ ያለው በላይኛው በር ገብቶ ከማዕዱ ይቀመጣል፣ ጠቆር ያለው በታችኛው በር ገብቶ የተረፈውን ይቀምሳል። ይርዳው በሥራው ተሳስቶ አያውቅም። ዓይን ላለው ሰው ምን ያስቸግራል?

ንጉሡ ልጁን ለጎረቤት ንጉሥ ሲድር ይርዳውን ከሙሽራዋ ጋር በስጦታ ላከው። አዲሱ ጌታም፣ "ለሠርጉ ግብር በር የምትጠብቀው አንተ ነህ። የቀጥቃጭ ወይም የፋቂ ዘር በላይኛው በር የገባ እንደሆነ አንገትህ ይቀላል። ግብሩ ያለ ስሕተት ካለፈ ግን ወደ ሚስትህና ወደ ልጆችህ ትመለሳለህ" አለው።

ይርዳው ቀና ብሎ ሕዝቡን ቢያይ ሁሉም አንድ መልክ ነው። ከእሱ በፊት በሩን ይጠብቁ ወደ ነበሩት ሽማግሌ፣ ወደ አባ ዘለቀ ሮጦ ሄደ፤ እሳቸውም ገበያ ዳር ይዘውት ተቀመጡ።

"ያ ነጭ ኩታ የለበሰው ማነው?"

"እሱማ ፋቂ ነው።"

"አጠገቡ ያለውስ?"

"ምነው ልጄ፣ አጥንተ ጥሩ ጨዋ ነው እንጂ።"

"ለእኔ ወንድማማች መሰሉኝ።"

"ዝም በል፣ እንዳይሰሙህ። እስቲ በእናንተ አገር በምን ትለያላችሁ?"

"በመልክ ነዋ። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ጥቁር።"

አባ ዘለቀ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አባቱን ሳትጠይቁ? በቆዳው? እንደ ከብት?"

"እናንተስ ምንም ሳታዩ? እንደ ዕውር?"

ሽማግሌው ሳቃቸውን ገቱ። "ማንም ያውቀዋል" አሉ ቀስ ብለው። "እንዴት እንደሚያውቀው ግን እስከ ዛሬ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።"

የግብሩ ዕለት ይርዳው በላይኛው በር ቆመ። አንድ ሞገስ ያለው፣ ኩታው የጸዳ ሰው ሲመጣ አየና እጅ ነሥቶ፣ "ይግቡ ጌታዬ" አለ።

ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ። "ኧረ ተው ወንድሜ፣ እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ምነው፣ አንገትህ ከበደህ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ብትገባ እኮ አላቆምህም ነበር።"

"አንተ ባታውቅ እኔ አውቃለሁ" አለና ወደ ታችኛው በር አዘገመ።

ከዚያ በኋላ ይርዳው ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ ወንዝ እየፈሰሰ መጣ፤ በሩ አጠገብ ሲደርስ ማንም ምንም ሳይለው ለሁለት ተከፈለ። አንድም እግር አልተሳሳተም። ድንጋይ የሌለው፣ ጭቃ የሌለው፣ ዓይን የማያየው ግንብ ከፊቱ ቆሞ ሺህ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይዞረው ነበር። ይርዳው ብዙ ቤተ መንግሥት አይቷል፤ ግንበኛ እንዲህ የደከመበት ሥራ ግን አይቶ አያውቅም።

ንጉሡ አስጠራው። "አንድ ስሕተት አልተገኘብህም። እንዴት ለየሃቸው?"

"እኔ ማንንም አልለየሁም፣ ጃንሆይ። ተለይተው ነው የመጡት።"

ንጉሡ ትሕትና መስሎት ወደደው፤ በቅሎ ሸልሞም አሰናበተው።

ይርዳው አገሩ ገብቶ በጥንቱ ቦታው ቆመ። በመጀመሪያው ግብር ጠቆር ያሉት ሰዎች እሱን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ወደ ታች ሲታጠፉ ተመለከተ። በዘመኑ ሁሉ አንዳቸውንም ከበሩ መልሶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ታወቀው። አላስቻለውምና የአንዱን ክንድ ያዘ፤ "ወንድሜ፣ ዛሬ በዚህ ግባ።"

ሰውዬው እጁን ዘርግቶ አሳየው። "አጋፋሪ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?" አለና መንገዱን ቀጠለ።

የዘር ንቀት በጆሮ ይገባል፣ የቀለም ንቀት በዓይን። አንዱ አገር በሌላው ይስቃል፤ ሁለቱም ንቀት ግን ገብቶ የሚያድረው አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ በሰው ልብ። ግንቡን የሠሩት ገፊዎች ናቸው፤ ጥበቃውን ግን በተገፋው ልብ ላይ ጥለውት ሄዱ፤ ስለዚህም አጋፋሪው ቢነሣ፣ በሩም ወለል ብሎ ቢከፈት፣ ግንቡ በአንድ ቀን አይፈርስም።

እኛስ ማንም ሳይከለክለን የታጠፍንበት፣ ወይም ሌላው ሲታጠፍ አይተን "ቦታውን ያውቃል" ብለን ያለፍንበት በር የትኛው ነው?