አያ ጅቦ በላሚቱ ወንበር ሲቀና

ተረት አምጪ ብላችሁ ነዘነዛችሁኝ። እሺ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ወሬያችሁን ለራሳችሁ ያዙ።

በድሮ ዘመን፣ ግሦች ሁሉ እንስሳት በነበሩበት ጊዜ፣ እንግሊዝኛ የሚባል አገር ነበር። በዚያ አገር ማንኛውም ግሥ ሥራውን የሚሠራው አደባባይ ወጥቶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሥራው የሚመለከተውንም ከጎኑ ያስቀምጣል። ኤሊ «ተኛች» የሚባለው ግሥ ነበረች፤ ማንንም ሳታስቀምጥ ብቻዋን ታንኮራፋለች። ብዙዎቹ አንድ ያስቀምጣሉ። ሁለት ማስቀመጥ የሚችሉት ግን ጥቂት ናቸው።

አያ ጅቦ ስሙ «ኢት» ነበር፤ በላ ማለት ነው። እመት ላሚት ደግሞ «ጊቭ» ነበረች፤ ሰጠች ማለት ነው። ላሚቱ ጠዋት ጠዋት ስትመጣ ጥጃዋን አጠገቧ፣ የወተቱን ቅል ከጥጃው ወዲያ ታስቀምጣለች። አደባባዩም በአገሩ ወግ፣ «ላሚቱ፣ ሰጠች፣ ጥጃው፣ ወተት» ብሎ ያወራል። መጀመሪያ ለማን፣ ቀጥሎ ምን። እንደ ጉርሻ በሉት፤ አፉን ሳያይ የሚያጎርስ አለ እንዴ?

አንዳንድ ቀን ደግሞ ቅሉ ይቀድምና ጥጃው ዳር ይቀመጣል። ያን ጊዜ ጥጃው «ቱ» የምትባል ዱላ ይይዛል፤ ወደ ማለት ናት። ዱላዋ «ወደዚህ፣ ወደዚህ» እያለች ወተቱን ወደ ጥጃው ትመራለች።

አያ ጅቦ ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። እሱ የሚያስቀምጠው አንድ አጥንት ነው፤ እሱንም ቆርጥሞ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ብቻውን ይቀራል። ግልገሉ ደግሞ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ጥጃውን እያየ፣ «አባዬ፣ እኔንስ መቼ ነው አጠገብህ የምታስቀምጠኝ?» ይለዋል። ይሄ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳው።

«ቆይ አንቺ ባለቀንድ!» አለ አያ ጅቦ። «ነገሩ ወንበሯ ነው። የሷ ሰፊ፣ የኔ ጠባብ!»

በማግስቱ ቀድሞ ወጣና የላሚቱ ወንበር ላይ ጉብ አለ። ግልገሉን ዳር፣ አጥንቱን መሃል አደረገ። አጥንቱን ኮረሸመው። ሲጨርስ ግልገሉ ባዶ ወንበር ላይ ምራቁን እየዋጠ ነበር። ላሚቱስ? በጠባቡ ወንበር ላይ ጥጃዋንም ቅሏንም አጠጋግታ፣ ወተቷን ሰጥታ ጨርሳለች።

«አባዬ፣ ለኔስ?» አለ ግልገሉ።

«ዝም በል! ወንበሩ አይደለም፣ ዱላዋ ናት!» አለ አያ ጅቦ።

በሁለተኛው ቀን ዱላዋን ከጥጃው ነጥቆ ለግልገሉ አስያዘ። አጥንቱን አጠገቡ አደረገና፣ ዱላዋን «በይ ምሪ!» አላት። ከዚያ ቀረጨም፣ ቀረጨም፣ ዋጠ።

ዱላዋ ሳቀች። «አያ ጅቦ፣ ምኑን ልምራ? እኔ የምመራው ከእጅ የወጣውን ነው። ያንተ ሆድህ ገባ፤ ከሆድ ወደ ማን ይኬዳል?»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ኤሊ እንኳ ነቅታ ሳቀች። ጅቡ ዱላዋን ወርውሮ፣ ፊቱ ጠቁሮ ሄደ። መንገድ ላይ ግልገሉ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ፣ «ጥጃው ግን ደስ ሲለው አየኸው?» አለው። ኧረ ምነው ባላለ! የጅቡ ቅናት እሳት ሆነ።

«ገባኝ!» አለ። «ሚስጥሩ ተራው ነው። መጀመሪያ ለማን፣ ቀጥሎ ምን። እኔ ግን ሁልጊዜ አጥንቱን አስቀድማለሁ!»

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል አይደል የሚባለው? በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጣ። ግልገሉን አጠገቡ፣ ልክ ጥጃው በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠ። አጥንቱን ከወዲያ አደረገ። ግልገሉ በደስታ ጅራቱን ይቆላል፤ አባቱን ተደግፎ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነዋ።

አደባባዩም፣ «አያ ጅቦ፣ በላ፣ ግልገሉ...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ።

ወይ ጉድ! «ኢት» ሌላ ሥራ የት ያውቃል? አጠገቡ ያለውን መብላት ነው። የጅቡ አፍ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ጥርሱ የግልገሉን ጆሮ ያዘ።

«አባዬ! እኔ ነኝ! አባዬ!»

ላሚቱ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። በቀንዷ ጅቡን ገፍታ፣ «ና የኔ ልጅ፣ ና ወደኔ!» ብላ ግልገሉን አጠገቧ አስቀመጠች። አጥንቱንም አንስታ ከወዲያው አደረገች።

«አጥንቱ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። ልጁ ሊያልቅበት ነበር፣ እሱ አሁንም አጥንት ይላል!

አደባባዩ ግን፣ «ላሚቱ፣ ሰጠች፣ ግልገሉ፣ አጥንት» አለ። ግልገሉም የደማ ጆሮውን እየነቀነቀ፣ ከጥጃው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ አጥንቱን ጋጠ። ሳቀም። ጅቡ ልጁ ሲስቅ ያየው ያን ቀን ነው፤ ያውም በሰው ወንበር ላይ።

አያ ጅቦ ሲቀና ኖሮ እንደዚያ ቀን ቀንቶ አያውቅም። የተመኛቸው ሁለቱ፣ ልጁም አጥንቱም፣ ላሚቱ ጎን ተቀምጠዋል።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ነገ እኔ ጋ ትቀመጣለህ አይደል?» አለው።

ግልገሉ ጆሮውን ዳሰሰ። «አባዬ፣ እወድሃለሁ» አለ። «ግን አንተ ስትበላ እኔ የት ልቀመጥ?»

አያ ጅቦ ዞሮ ወደ ጫካ ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ ሲመሽ እየዞረ የሚጮኸው የልጁን ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው ይባላል። አትሳቁ! በሰው ወንበር መቅናት ለማንም አይከብድም፤ የሚከብደው የያዙትን ከራስ ጥርስ ማላቀቅ ነው።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ። እናንተም ለሌላ ስጡ እንጂ ብቻችሁን አትብሉት።