በቆላ የተቀደደ ቦይ

አንድ የደጋ ገበሬ ነበረ። ወሬ አምሮኝ እንዳይመስልሽ፣ አትጠገብ፤ «ባሌ ደግ ነው፣ ቆላችሁም ያበላል፤ ታዲያ ደጋው አገሬ ከልቤ ለምን አልወጣልኝ አለ? መሬት ማለት የተወለዱበት ነው ወይስ የሚበሉበት?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። የባልሽ አጎት ብሆንም ለሱ አላዳላም። እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ።

የሰውየው ማሳ ዳገት ላይ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ዘሩን እንዳያበሰብስበት በማሳው መሀል ቦይ እየቀደደ ውሃውን ይሸኛል። አባቱም አያቱም እንዲሁ ነበሩ። አንድ ክረምት ግን ተራራው ተናደና ቤቱንም ማሳውንም ይዞት ወረደ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቆላ ገባ፤ የቆላ ሰዎችም መሬት ከፍለው ሰጡት።

አረሰ፣ ዘራ። ከዚያስ? እጁ የለመደውን አደረገ፤ ቦይ ቀደደ! ስንት ተለምና የመጣች ዝናብ በቦዩ ሾልካ ወንዝ ገባች። እህሉ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ጠወለገ። እሱ ግን ወደ ተራራው አንጋጦ፣ «ይሄ አፈር አልወደደኝም፤ የኔው እንዲህ አልነበረም» እያለ ያለቅሳል። ምስኪን! ልጆቹ በጎረቤት እህል ከረሙ።

በዓመቱ ደግሞ ዶማውን አንሥቶ ሲወጣ ሚስቱ ተከተለችው። ሄዳ ያምናው ቦይ ውስጥ ቁጭ አለች።

«አፈር ስሆን፣» አለችው፣ «ለየትኛው መሬት ነው ቦይ የምትቀድደው? ያኛው እኮ የለም። ይሄኛው ደግሞ ጠምቶታል።»

ሰውየው ዶማውን ጣለና ከጎኗ ተንበርክኮ፣ አፈሩን በሁለት እጁ እየዛቀ ቦዩን ደፈነው። እየደፈነ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አገሩን የቀበረው ያን ቀን ነው። ናፍቆቱ ለቀቀው እንዳትዪኝ፣ እስኪሞት አለቀቀውም። እህሉ ግን ያዘለት።

አንቺም ያው ነሽ፣ ልጄ። የተወለድሽበትም መሬትሽ ነው፣ የሚያበላሽም መሬትሽ ነው። ናፍቂ፣ ማን ከለከለሽ? እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። አማትሽ ስትስቅልሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፤ ባልሽ ሲያጫውትሽ ዓይንሽ ተራራው ላይ ነው። እዚህ የዘነበልሽን ሁሉ ቦይ ቀድደሽ ትሸኚዋለሽ። ያ ልጅ፣ ባልሽ፣ ትናንት እኔ ደጅ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ታውቂያለሽ? «ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ምን ልበለው? ይልቅ አሁን ተነሺና ሂጂ፤ አጠገቡ ቁጭ በዪ።