በጨርቁ ውስጥ ያለው አገር

«የምታዪውንማ ታባርሪዋለሽ፤ የማታዪውን ፍሪ» ትለኝ ነበር ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ልጅ ሳለሁ። ከዚያ እሷ «ተረት ተረት!» ስትል እኔ «የጓዳ ፍጥረት!» እላለሁ።

በአንድ ጓዳ ውስጥ አንድ ኩሩ የዕቃ ጨርቅ ነበር። ጥሬ ዶሮ የተገነጠለበትን መክተፊያ ጠርጎ፣ እንደረጠበ ተጨማድዶ ሳለ ዝንብ መጥታ አረፈችበት።

«ዞር በይ፣ አንቺ ቆሻሻ!» አላት። «የዚህ ቤት ጽዳት እኮ እኔ ነኝ። አሁን የሕፃኑን ኩባያ ልወለውል ነው።»

ዝንብ ሳቀች። «ወይ ጌትዬ! እኔ የምሸከመው ቀጫጭን እግሮቼ የቻሉትን ነው። አንተ እስኪ ዝም በልና ራስህን አድምጥ።»

ቢያደምጥ፣ ከክሮቹ መካከል የገበያ ሁካታ የሚመስል ድምፅ ሰማ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆኑ ይሰማል።

«እነማን ናችሁ?» አለ ጨርቁ።

«ከጥሬዋ ዶሮ የመጣን፣ በዓይን የማንታይ ተሕዋስያን ነን። እርጥበትህ ቤት ሆነን፣ ሙቀትህ አራባን። እግር ስለሌለን እባክህ እስከ ኩባያው አድርሰን።»

ጨርቁ ሰማይን ከነከዋክብቱ የዋጠ መሰለው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ አንድም ቀን ክብደቱ ተሰምቶት አያውቅም። የሕፃኑ እናት እጅ ወደ ኩባያው ሲያነሳው ከጣቶቿ ሾልኮ ምድጃው ላይ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ሁካታ ጸጥ አለ።

«ተረቴን መልሺ፣ አፌን በንጹሕ ጨርቅ አብሺ» ትላለች እትዬ አስካለ ስትጨርስ።

ዛሬ ልጄ ኩባያውን ሲጠይቀኝ፣ አስቀድሜ የዕቃ ጨርቄን ቀቀልኩና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።