የትርንጎ አጥንት

በአንድ ወቅት፣ በጎጃም፣ ትርንጎ የምትባል የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ክረምት ላይ አውቶቡሷ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ተሳፋሪው ሁሉ ተረፈ፤ የእሷ የቅልጥም አጥንት ግን ደቀቀ። ደጋግመው ቢጠግኑላትም አልገጥም አለ። ሐኪሞቹ እግሯ እንዲቆረጥ ሲወስኑ ትርንጎ አሻፈረኝ አለች፤ ዳግመኛ መሪ ሳልጨብጥ አልቀርም ብላ ማለች።

ሦስት የእናቷ ልጆች ነበሯት።

ታላቅ ወንድሟ ደባሱ መቅኔውን ሊሰጣት ተነሣ። በመቅኔ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባል፣ ስብም አጥንትም ሊሆን የሚችል፣ ዕጣው ገና ያልለየለት ሴል አለ። ደባሱ ልቡ ደካማ ነበርና መቅኔው ሲቀዳ ከሚሰጠው የማደንዘዣ ሰመመን ላይነቃ እንደሚችል ተነገረው። «እሷ ከምትጎድል እኔ ልጉደል» ብሎ ተኛ። እግዜር ረድቶት ነቃ።

እህቷ ጥሩዓየር የሴል ተመራማሪ ናት። የደባሱን ሴሎች እንደ ፍራሽ በለሰለሰ መኝታ ላይ ብታሳድጋቸው ስብ እየሆኑ አስቸገሯት። አለቃዋ ሥራውን እንድትተው አዘዛት። አልተውም ብላ ከሥራዋ ተባረረች፤ በጓደኛዋ ላብራቶሪ ቀጠለች። በመጨረሻ ነገሩ ተገለጠላት። ሴልም እንደ ድንኳን ከውስጥ ወጥሮ የሚያቆመው የቀጫጭን ክሮች አጽም አለው። መኝታው ሲለሰልስ ክሮቹ ይረግባሉ፣ ሴሉም ወደ ስብነት ያደላል፤ መኝታው ሲጠነክር ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ሴሉም ወደ አጥንትነት። መኝታውን አጠነከረችው። አጥንት መሆን የጀመሩት ሴሎች በትርንጎ እግር ውስጥ ተተከሉ።

ነገር ግን እግሩ ካልረገጠ ክሮቹ መልሰው ይረግባሉ፣ አዲሱም አጥንት ይሟሽሻል። ትርንጎ ስትረግጥ ሕመሙ ነፍሷን ሊያወጣው ደረሰ። ለሐኪም ያልተበገረችው ሴት፣ «በቃኝ፣ ይቆረጥ» አለች። ይህን ታናሽ ወንድሟ ልሳኑ ሰማ። እሱና ትርንጎ በርስት ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። የደረሰ አዝመራውን ጥሎ መጣ፤ አዝመራውንም ዝናብ በላው። በየማለዳው ትከሻው ላይ አስደግፎ አስኬዳት። ብትሰድበውም ብትመታውም አልለቀቃትም።

«እታለም፣ ስደቢኝ፤ ብቻ ርገጪ» አላት።

ረገጠች። አጥንቱም ገጠመ። ትርንጎ ወደ አውቶቡሷ ተመለሰች፤ አግብታም ሴት ልጅ ወለደች። ሦስቱም የሕፃኗን ስም እኔ ላውጣ ብለው መጡ። ደባሱ ያለ እሱ መቅኔ ምንም እንደማይኖር ተናገረ። ጥሩዓየር፣ «ወንድም ጋሼ፣ መቅኔህማ ስብ ሆኖ ነበር» አለችው። ልሳኑ ደግሞ እህታቸው ራሷ እግሬ ይቆረጥ ስትል የደረሰላት ማን እንደነበር ጠየቀ። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ ሦስቱንም በየተራ አየችና፣ «ፍርዱን ለሰሚ ትቻለሁ» አለች።

ለሕፃኗ የሚወጣላት ስም አንድ ነው። እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ስሙን የማውጣቱ ክብር ለማን ይገባል?