ገበያ እስኪሞላ የጠበቀው አዋጅ

አውቶቡስ ካመለጠው በኋላ ለሚሮጥ ሰው ሳይቀር እየሣቅን የምንወረውራት ተረት አለች። መጀመሪያ የተናገረቻት ሴት ግን አልሣቀችም። እኔም ታሪኩን ከሰማሁ ወዲህ መሣቁን ትቻለሁ።

ድሮ ዋርካ በር በምትባል የገበያ አገር ባላምባራስ ዘለቀ የሚባል ሹም ነበረ። አንቱ አልለውም፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ። በዚያ ዘመን አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነው። ነጋሪቱም የሚመታው በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ ሲሞላ፣ ሹሙ በተገኘበት ነው። ታዲያ አንድ ሰኞ የሩቅ አገር ጨው ነጋዴ ወደ ሹሙ ግቢ ገባና፣ "ባለፍኩበት ሁሉ ሰው በሳልና በትኩሳት እየረገፈ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይዘላል፤ ሕዝብዎን ይጠብቁ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ሲናገር የግቢው ጠጅ ጣይ ወይዘሮ ደብሪቱ ሰማች። አንዲት ልጇ ማንጠግቦሽ ወንዝ ማዶ ነው የተዳረችው። በየቅዳሜው በርበሬ ልትሸጥ ወደ ዋርካ በር ትመጣለች። ደብሪቱ ከሹሙ ፊት ተደፋች።

"ጌታዬ፣ ነጋሪቱ ዛሬውኑ ይመታ! ልጄ ሕፃን ልጇን አዝላ ቅዳሜ ትመጣለች።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ነጋሪት ሲመታ የት አይተሻል? ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ይነገራል።"

"ምን ተብሎ ነው የሚነገረው?"

"ገበያ አትውጡ ተብሎ ነዋ!"

"ገበያ ከወጣን በኋላ?"

ሎሌዎቹ ሣቃቸውን ዋጥ አደረጉ። የባላምባራስ ፊት ግን ጠቆረ።

"እንግዲያውስ እኔው ማዶ ተሻግሬ ለልጄ ልንገራት" አለች።

"ከነጋሪቴ ቀድመሽ? አገር ልታሸብሪ!" አለና እስከ ቅዳሜ ከግቢ እንዳትወጣ ዘበኛ አቆመባት።

እስቲ ይህ ምን ይባላል? ሰውየው በሽታውን አልካደም፤ አውቋል። ነገሩ ከእሱ አፍ ካልወጣና "ባላምባራስ ዘለቀ እንዲህ ይላል" ካልተባለለት በቀር ሕዝቡ አውቆ ከሚድን ሳያውቅ ቢሞት ይሻለዋል። እንዲህ ያለ ሹመት አፈር ይብላ!

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ሰው ተቃቀፈ፣ ተሳሳመ፣ ጠላውን በአንድ ዋንጫ ተቀባበለ። ነጋሪት መቺውም ነጋሪቱን ጭኖ ሹሙን መጠበቅ ጀመረ። ሹሙ ሊነሳ ሲል አንድ ሎሌ ከገበያ ተመልሶ፣ "ጌታዬ፣ ከነጋዴዎቹ መሀል የሚያስሉ አሉ" አለው። ባላምባራስ ካባውን አውልቆ ጣለ።

"በሩን ዝጉ! ከዘመዶቼ በቀር ማንም እዚህ እንዳያድር፣ አስወጡልኝ!"

ነጋሪቱ ሳይመታ ዋለ። ደብሪቱንም ሰኞ እንዳትወጣ የከለከሏት ዘበኞች ቅዳሜ ገፍትረው አስወጧት። እየሮጠች ገበያ ስትደርስ ማንጠግቦሽ በርበሬዋን ዘርግታ፣ ከሚያስሉት ነጋዴዎች አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት።

"ተነሽ ልጄ! ተነሽ እንውጣ!"

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ገበያው ገና መድመቁ ነው" አለች ማንጠግቦሽ፤ ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ሳል ያዛት።

በሳምንቱ ቀበሯት። ሕፃኑ ለአያቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ በዋርካ በር ሞት ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ኋላ ኋላ ቀባሪም ታጣ። የሹሙ በር ያን ጊዜ ሁሉ እንደተዘጋ ነበር።

በሽታው ተነቅሎ ከጠፋ፣ ሰዉም ለቅሶውን ጨርሶ ወደ ገበያው መመለስ ከጀመረ በኋላ፣ ባላምባራስ ካባውን ደርቦ በበቅሎ ብቅ አለ። ነጋሪቱ ተጎሰመ።

"ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ክፉ በሽታ ስለመጣ ገበያ አትውጡ፣ ከሰው አትቀላቀሉ! ይህን የተላለፈ ይገረፋል!"

ከል የለበሰው ሕዝብ እርስ በርሱ ተያየ። ባላምባራስ ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ከበቅሎው ላይ ሆኖ ግራ ቀኙን ቃኘ። ደብሪቱ ብቻ የልጅ ልጇን እንዳዘለች ሰዉን እየገፋች ከበቅሎው ፊት ቆመች።

"ደግሞ አንቺ ምን ፈለግሽ?" አላት።

እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ሕዝቡ ዞረችና በሙሉ ድምጿ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለች።