የኮምባይነሩ ተራ

በአንድ ወቅት፣ ስንዴው በሬና አውድማን ረስቶ ኮምባይነር በሚጠብቅበት አንድ የደጋ ቀበሌ፣ ገበሬዎች በአጨዳ ተራ ሳይጣሉ ያለፈ ዓመት አልነበረም። ሹፌሩ ዶሮ ወጥ ወደሸተተበት እርሻ ቀድሞ ይገባል እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱም ውሸት አልነበረም። በዚህ የተማረረው የገበሬዎች ማኅበር፣ ሰሚራ የምትባለውን ወጣት ሠራተኛ ተራ የሚይዝ የስልክ መተግበሪያ አሠራት። ገበሬው በገዛ ስልኩ ስሙን ይጽፋል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ስሙ ወደ ማኅበሩ መዝገብ ይገባል። ሕጉ አንድ ነው፤ የቀደመ ይቀድማል። እንዲህ ያለውን ሕግ ማን ይጠላል?

ኅዳር ላይ ምዝገባው ተከፈተ።

አቶ ገመዳ ገና ጎህ ሲቀድ ስማቸውን ጻፉ። ከእሳቸው በፊት የጻፈ ሰው የለም። ቤታቸው ግን ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ነውና ስማቸው ከስልካቸው ሳይወጣ ቀረ። የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ መሐል ሰማይ ላይ ነበረች። ስማቸው መዝገቡ ውስጥ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው።

እማማ ከድጃ ደግሞ «እኔ ስልክ አላምንም፣ የማምነው ሰው ነው» ብለው ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በእግራቸው ማኅበሩ ግቢ ድረስ ሄዱ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰሚራ ፊት ቆመው በስልካቸው ስማቸውን ጻፉ። ባዶው መዝገብ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ሆነ።

«አንደኛ ነዎት፣ እማማ» አለቻቸው ሰሚራ። መርቀዋት ተመለሱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ያዘሩት የመጀመሪያ ስንዴያቸው ነበር፤ አሳዘኑኝ ብል አላፍርም።

ጋሽ ወንድይፍራው የጻፉት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ስልካቸውም አራት ይላል፤ እሳቸው የስልካቸውን ሰዓት የሚሞሉት በእኛው በሐበሻ አቆጣጠር ነውና። የሌሎቹ ስልክ በዚያው ሰዓት አሥር ይላል። መተግበሪያው ይህን ከየት ይወቅ? ስሞቹን የሚደረድረው እያንዳንዱ ስልክ በነገረው ሰዓት ነው፤ ለእሱ አራት ማለት ገና ሌሊት ነው። «አንደኛ» ብሎ አበሠራቸው። እሳቸውም አምነው፣ በማጭድ እንዲያጭዱላቸው የቀጠሯቸውን ሰዎች አራስ ላለችበት ጎረቤታቸው ለቀቁለት። የጎረቤቱ ስንዴ ጎተራ ገባ፤ የእሳቸው ማሳው ላይ እንደቆመ ቀረ። አጫጆቹም ወደ ሌላ ወረዳ ሄዱ።

በሳምንቱ ኮምባይነሩ ከተፍ ሲል ሰማዩም አብሮ ጠቆረ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ የደረሰ ስንዴን ምን እንደሚያደርግ ለገበሬ አይነገርም።

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «አንድ እርሻ ብቻ ነው የማጭደው። ከዚያ በኋላ ጭቃ ነው» አለ።

«ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ገመዳ። «ተራራውን እኔ አልፈጠርኩት።»

«ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ከድጃ። «አንደኛ ነዎት አልሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

«እኔንስ አንደኛ ብሎ አጫጆቼን ያስለቀቀኝ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው?»

ሰሚራ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ መዝገቡን መረመረች። መዝገቡ ሁለቱንም ይዟል፤ እያንዳንዱ ስም በስንተኛነት እንደገባም፣ ስልኩ የነገረውን ሰዓትም። በወንድይፍራው ስልክ ላይ ያለውን የስድስት ሰዓት ልዩነት ካረመች ገመዳ ይቀድማሉ። በገቡበት ቅደም ተከተል ካደረገችው ከድጃ ናቸው። እንዳለ ከተወችው ደግሞ ወንድይፍራው። ከሦስቱ የዋሸ የለም፤ ከሦስቱ ያለ ስንዴው የሚከርምበት ሌላ ነገር ያለውም የለም።

ሦስቱም ዓይናቸውን ጣቷ ላይ ተክለዋል። የመጀመሪያዋ ጠብታ የሹፌሩ መስታወት ላይ አርፋለች። እናንተ ሰሚራን ብትሆኑ፣ ኮምባይነሩን ወደ ማን እርሻ ትሰዱት ነበር? የቀሩትን ሁለቱንስ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?