ቀንድ የተጠየቀችው ድመት

የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ፣ ቦታው ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይነገረኝ ነበር። እኔም ማስታወቂያውን በሰውየው ልክ ሰፍቼ እለጥፋለሁ። ሌላው ሁሉ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ሲሰለፍ በመስኮት አየው ነበር። እናም ይህን ተረት ልንገራችሁ፤ ቀረብ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ እንጨትና ድንጋይ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ የአንበሳን ጎተራ አይጥ ፈጀው። ጸሐፊዋ ጦጢት ሰሌዳው ላይ "ጠባቂ እንፈልጋለን" ብላ ለጠፈች። አይጡ ሁሉ ጎተራው ገብቶባት ሦስት ልጆች የተራቡባት ድመት እየሮጠች መጣች።

"እሜቴ፣ አይጥ መያዝ ከእናቴ የተማርኩት ነው። ቅጠሩኝ።"

"ቀንድሽስ?" አለች ጦጢት።

"ለአይጥ ቀንድ ምን ያደርጋል?"

ሰሌዳው ሳቀባት። "ማንበብ አትችይም እንዴ? ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ቀንድ!"

ድመት ተመለሰች። ቤቷ ስትደርስ ልጆቿ ሁለት ሆነዋል።

የሞተ በግ ቀንድ ፈልጋ፣ ራሷ ላይ በልጥ አስራ መጣች።

"ይኸው ቀንድ!"

"የአሥር ዓመት ልምድስ?"

"ልምዴ ጥፍሬ ነው። አንድ አይጥ ልቀቁና እዩኝ!"

"አይጥ ያዢ ያለሽ የለም። ደብዳቤ ነው የተጠየቀው።"

ተመለሰች። ልጇ አንድ ሆኗል።

ወፍጮ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። ወፍጮም "አሥር ዓመት እህሌን ጠብቃልኛለች" ብሎ በደብዳቤ መሰከረላት። የቀረውን ልጇን በአፏ አንጠልጥላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

"ደብዳቤው ደህና ነው" አለች ጦጢት፤ "ጎተራ ያለው ዋስስ?"

ድመት ዞር ስትል ጎተራው ደጅ ላይ አውራ በግ ተኝቶ ያመነዥካል። የአንበሳ ሚስት አበልጅ ነው። ቀንዱ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ።

"አያ በግ፣ መቼ ተቀጠርክ?"

"ማስታወቂያው ሳይወጣ ነዋ! ጦጢት ቀንዴን በገመድ ለክታ ነው የጻፈችው" አለ፣ እንደ ዋዛ።

ድመት ልጇን ይዛ ሄደች።

በጉ አይጥ አባርራለሁ ሲል ጎተራውን በቀንዱ ሸነቆረው። ክረምቱ ሳይወጣ እህሉ አለቀ። አንበሳ አገሳ። ጦጢት ድመት ቤት በረረች።

"እመት ድመት፣ ቀንዱም ይቅር፣ ደብዳቤውም ይቅር፣ ዋሱም ይቅር! ዛሬውኑ ግቢ!"

ድመት ሦስት ትንንሽ የአፈር ቁልል አጠገብ ተቀምጣለች።

"ገብቼ ማንን ላበላ?" አለች።

ሠራተኛን በሥራው ፈትኑት፤ በሌላ ሰው ቀንድ አትለኩት። ከደጄ የመለስኳችሁ፣ ይህን ከሰማችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።